«ሐሳብ ነው» ለተባሉት ጠያቂ፦ ስለ ፋይብሮማያልጂያና ስለ ስሜት

ጥያቄው በአጭሩ ይህ ነው፦ «የ41 ዓመት ሴት ነኝ። ከሦስት ዓመት በፊት በአንገቴና በትከሻዬ የጀመረው ሕመም አሁን መላ ሰውነቴን አዳርሷል። ተኝቼ ስነሣ እንዳልተኛ ሰው ነኝ፤ የጀመርኩትን ወሬ መሃል ላይ እረሳዋለሁ። የደም ምርመራውም ራጁም ደህና ነው ተባለ። በመጨረሻ አንድ ሐኪም ፋይብሮማያልጂያ ነው ብሎ አሚትሪፕቲሊን 25 ሚሊግራም አዘዘልኝ፤ ፋርማሲ ውስጥ ግን የድባቴ መድኃኒት ነው አሉኝ። ጠዋት ስለሚያፈዘኝ ከሦስት ሌሊት በኋላ ተውኩት። ከሰው ጋር ከተጋጨሁ ወይም ለቅሶ ከደረስኩ በማግስቱ መነሣት ያቅተኛል። ቤተሰቤ ሐሳብ ነው፣ ተይው ይለኛል። ሕመሜ ከስሜቴ የመጣ ነው? ስሜቴን ካስተካከልኩ ይድናል?»

ሕመምዎ ከስሜትዎ የመጣ አይደለም። ስሜትዎ ግን ያባብሰዋል፤ ሕመሙም በተራው ስሜትዎን ይጎዳል። ብዙ ሰው ከእነዚህ አንዱን ብቻ ይዞ ይቀራል። ቤተሰብዎ «ያባብሰዋል» የሚለውን «ፈጠረው» አድርጎ ወስዶታል። እርስዎ ደግሞ «ፈጠረው» መባሉ ስላስቆጣዎት ስሜትን የሚመለከት ሕክምና ሁሉ እንደ ስድብ እንዳይሆንብዎ እሰጋለሁ። ያ ከሆነ የሚጠቅምዎትን ግማሹን ሕክምና ያጣሉ።

ከሰውነቱ እንጀምር። ከጡንቻ፣ ከአንጓና ከቆዳ የሚነሣ መልእክት በነርቭ በኩል ኅብለ ሰረሰር ይደርሳል፤ እዚያ ወይ ይጎላል ወይ ይዳከማል፣ ከዚያ ወደ አንጎል ይወጣል። ከአንጎል ወደ ታች የሚወርድ ሌላ መስመርም አለ፤ እሱ በሴሮቶኒንና በኖርአድሬናሊን አማካይነት የሚመጣውን መልእክት ያፍናል። በፋይብሮማያልጂያ፣ ማለትም መላ ሰውነትን በሚያዳርስ የቆየ ሕመምና ድካም፣ የሚወጣው መልእክት ይጎላል፣ የሚያፍነው መስመር ይደክማል። እ.ኤ.አ. በ1994 የታተመ ጥናት ሰብስታንስ ፒ የተባለው ሕመም አስተላላፊ ንጥረ ነገር በታማሚዎች የኅብለ ሰረሰር ፈሳሽ ውስጥ ከጤነኞቹ ሦስት እጥፍ ያህል ሆኖ አግኝቶታል። በ2002 አሜሪካ ውስጥ በኤምአርአይ የተሠራ ጥናት ደግሞ የአውራ ጣት ጥፍርን በመጫን፣ ጤነኛ ሰው ከቁም ነገር በማይቆጥረው ግፊት የታማሚዎቹ አንጎል ሕመምን በሚያስተናግዱ ክፍሎቹ ላይ በግልጽ ሲሠራ አሳይቷል። በ2021 የእንግሊዝ ተመራማሪዎች ከታማሚዎች ደም የወሰዱትን ፀረ እንግዳ አካል አይጦች ውስጥ ሲያስገቡ አይጦቹ ለግፊትና ለቅዝቃዜ ሕመምተኞች ሆነዋል። አይጥ «ሐሳብ» አልነበረባትም። ይህን ለቤተሰብዎ ሊነግሩት ይችላሉ።

ራጁና የደም ምርመራው «ደህና» የሆነውም በዚሁ ምክንያት ነው። እነዚያ መሣሪያዎች የሚያዩት ስብራትን፣ ብግነትንና እጢን ነው፤ የነርቭ ሥርዓት ምን ያህል እንደ ነቃ አይለኩም። ዓለም አቀፉ የሕመም ጥናት ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2017 ለዚህ ዓይነቱ ሕመም ኖሲፕላስቲክ የሚል የራሱን መደብ የሰጠው ለዚህ ነው።

ስሜት የሚገባው የት ላይ ነው? ፍርሃትን፣ ቁጣንና ሐዘንን የሚያስተናግዱት አሚግዳላ፣ ኢንሱላና የፊተኛው የአንጎል ክፍል ከላይ የጠቀስኩትን የሚያፍን መስመር የሚያዙ ናቸው። ሰው አደጋ ላይ ነኝ ብሎ ሲሰማው እነዚህ ክፍሎች ማፈኑን ያላላሉ። ይህ በተፈጥሮው ጥበቃ ነው። አንድ ጊዜ ሌባ የገባበት ግቢ ውሻ ከዚያ ወዲህ ለአላፊ አግዳሚው ሁሉ እንደሚጮኸው፣ የነቃ የነርቭ ሥርዓትም አደጋ ያልሆነውን አደጋ አድርጎ ያስተጋባል።

በኔዘርላንድስ የተሠራና በ2010 የወጣ አንድ ጥናት ለጥያቄዎ በቀጥታ ይመልሳል። ፋይብሮማያልጂያ ያለባቸው 62 ሴቶችና የሌለባቸው 59 ሴቶች ያስቆጣቸውንና ያሳዘናቸውን ነገር እንዲያስታውሱ ተደረገ። ቁጣም ሐዘንም ሕመምን ጨመሩ፤ የጨመሩት ግን በሁለቱም ወገን ነው። ስለዚህ ስሜት ሕመምዎን ማባባሱ የእርስዎ ድክመት አይደለም፣ የሰው ልጅ ሁሉ አፈጣጠር ነው። ልዩነቱ መነሻው ላይ ነው፦ ጤነኛዋ ከዜሮ ወደ ሁለት ስትወጣ እርስዎ ከስድስት ወደ ስምንት ይወጣሉ።

በማግስቱ የሚብሰው በአብዛኛው በእንቅልፍ ምክንያት ነው። በ1975 የካናዳ ተመራማሪዎች ጤነኛ ሰዎችን ከከባዱ እንቅልፍ እየቀሰቀሱ ሲያሳድሯቸው ሰውነታቸው መቆርጠምና መድከም ጀመረ። ጠብ ያለበት ሌሊት እንዲሁ ነው፤ ቢተኙም እንቅልፉ አይከብድም። ጥርስ ይነከሳል፣ ትከሻ ወደ ጆሮ ይሰቀላል፣ ጡንቻው ሌሊቱን ሙሉ ሳያርፍ ያድራል። ለቅሶ ላይ ደግሞ ከሐዘኑ በተጨማሪ አግዳሚ ወንበር ላይ ለሰዓታት መቀመጥ፣ ድንኳን ውስጥ ያለ ብርድ፣ የተዘለለ ምግብና ያለ ጊዜው የተጠጣ ቡና አለ። ሁሉንም በሐዘኑ ላይ አያሳቡ። ለቅሶ መቅረት አይጠበቅብዎትም፤ በየ20 ደቂቃው ተነሥተው ቢንቀሳቀሱ፣ ወገብዎን የሚደግፍ ነገር ቢይዙ፣ ማታ ቤትዎ ቢያድሩ ማግስቱ ይለያል።

ስለ ልጅነት ጉዳትም ይጠየቃል። በልጅነት ድብደባ፣ ጥቃት ወይም ከባድ እጦት ያለፈባቸው ሰዎች ላይ ፋይብሮማያልጂያ በብዛት ይታያል። ይሁን እንጂ ብዙ ታማሚዎች እንዲህ ያለ ታሪክ የላቸውም፤ ስለዚህ በግድ የቆየ ቁስል ፍለጋ አይግቡ።

ወደ መድኃኒቱ እንምጣ፤ ጥሩ መድኃኒት ያለ በቂ ማብራሪያ ስለ ተሰጠዎት ነው ያቋረጡት። አሚትሪፕቲሊን ለድባቴ ሲሰጥ መጠኑ በቀን ከ75 እስከ 150 ሚሊግራም ነው። ለሕመምና ለእንቅልፍ የሚሰጠው ከ10 እስከ 50 ሚሊግራም ሲሆን፣ ሥራው ያንን የሚያፍን መስመር መደገፍና እንቅልፍን ማክበድ ነው። በዚህ መጠን የታዘዘልዎት ሐኪሙ ሕመምዎን ስላመነ ነው። የተሳሳተው አጀማመሩ ይመስለኛል። ብዙ ሰው በ25 ሲጀምር ይፈዛል። የ10 ሚሊግራም ኪኒን ከተገኘ በእሱ፣ ካልተገኘ ሐኪሙን አማክረው 25ቱን ለሁለት በመክፈል መጀመር ይቻላል። ሰዓቱም ወሳኝ ነው። ከምሽቱ 4 ሰዓት የሚተኙ ከሆነ ከ1 ሰዓት ተኩል እስከ 2 ሰዓት ባለው ጊዜ ይውሰዱት እንጂ አልጋ ላይ ሲወጡ አይደለም፤ ዘግይቶ የተወሰደ ኪኒን ነው ጠዋት ላይ የሚያፈዘው። ፍዘቱ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ሳምንት ይቀንሳል። መጠኑ የሚጨመረው በአንድ ወይም በሁለት ሳምንት ልዩነት፣ በሐኪሙ ፈቃድ ነው። ጥቅሙን ለመመዘን ከ4 እስከ 6 ሳምንት ያስፈልጋል፤ ሦስት ሌሊት ምንም አይናገርም። ማታ አንዴ ብቻ የሚወሰድ ስለሆነ ከጾም ጋር አይጋጭም።

አፍ ማድረቅ፣ የሆድ ድርቀትና ክብደት መጨመር ይኖራል። የልብ ምት መዛባት፣ ጠባብ ማዕዘን ግላኮማ (የዓይን ግፊት የሚጨምርበት በሽታ) ወይም ሽንት የመቋጠር ችግር ያለበት ሰው ሳይነግር መጀመር የለበትም። ፍሉኦክሰቲን የተባለውን የድባቴ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ደም ውስጥ የአሚትሪፕቲሊን መጠን ከፍ ይላል። ከትራማዶል ጋር ሲደረብ ደግሞ የሚጥል በሽታ ዓይነት መንቀጥቀጥና የሴሮቶኒን መብዛት ሊያስከትል ስለሚችል፣ ለሕመሙ ከፋርማሲ የገዙት ትራማዶል ካለ ለሐኪሙ ይንገሩ። ኪኒኑን ሕፃን ከማይደርስበት ያኑሩ፤ ብዛቱ ገዳይ ነው።

እግረ መንገዴን፦ የዲክሎፌናክ መርፌ በየሳምንቱ መወጋት ለዚህ ሕመም አይጠቅምም። ዲክሎፌናክ የሚሠራው ብግነት ላይ ነው፤ እዚህ የሚታከም ብግነት የለም፤ ጨጓራዎንና ኩላሊትዎን ግን ይጎዳል። ፕሬድኒሶሎንም እንዲሁ ነው። እንደ ሞርፊን ያሉ ጠንካራ የሕመም ማስታገሻዎች (ኦፒዮይዶች) በፋይብሮማያልጂያ አይመከሩም። አሚትሪፕቲሊን ካልተስማማዎት ዱሎክሰቲን ወይም ፕሪጋባሊን አለ፤ ሐኪሙ ጋር ተመልሰው የሚወያዩበት ነው።

ከመድኃኒት ሁሉ በላይ ማስረጃ ያለው እንቅስቃሴ ነው። የአውሮፓ የሩማቶሎጂ ማኅበራት ኅብረት በ2017 ባወጣው መመሪያ «በጠንካራው» ደረጃ የመከረው ብቸኛ ሕክምና እሱ ነው። የሚያጨናግፈው አጀማመሩ ነው። ደህና ቀን ሲመጣ «ያለፈኝን ሥራ ልጨርስ» ተብሎ ቤቱ ሁሉ ይታጠባል፣ ለበዓል ዶሮው፣ ድፎው፣ እንግዳው በአንድ ቀን ይሆናል፤ ከዚያ ሦስት ቀን አልጋ። ከዚህ ጀርባ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋተኝነት አለ፦ ተኝቼ ዋልኩ፣ ልካስ። ጥፋተኝነትም ስሜት ነውና ሕመሙን የሚጨምረው በዚህ መንገድም ነው። ስለዚህ የእግር ጉዞውን ክፉ ቀን ላይ እንኳ በሚችሉት ልክ ይጀምሩ፤ ሰባት ደቂቃ ከሆነ ሰባት ደቂቃ፣ በሳምንት ሦስት ቀን። በየሳምንቱ አንድ ወይም ሁለት ደቂቃ ብቻ ይጨምሩ፤ ደህና ቀን ሲመጣም ከዕቅዱ አይለፉ። ግቡ ከሦስት እስከ ስድስት ወር ባለው ጊዜ 30 ደቂቃ መድረስ ነው። የሚሰግዱ ከሆነ ስግደትም እንቅስቃሴ ነው፤ ነገር ግን ዐቢይ ጾም ሲገባ ከምንም ተነሥቶ አርባ አንድ መስገድ ሰውነትዎን ይጥለዋል፤ በሦስት ወይም በአምስት ጀምረው ቀስ ብለው ያሳድጉ። ከጉዞ በኋላ እስከ አንድ ቀን የሚቆይ መጠነኛ መቆርጠም የጉዳት ምልክት አይደለም። ከሁለት ቀን ካለፈ መጠኑ በዝቷልና ወደ ቀደመው ሳምንት ይመለሱ።

ቡናውን ከቀኑ 7 ሰዓት በፊት ያድርጉት። ማታ ቡና ሲጠሩ ሄደው ይቀመጡ፤ ስኒውን ብቻ ይተዉ።

አሁን ስሜቱን ራሱን ማከም ምን ያህል ያድናል ለሚለው። በአሜሪካ 230 የፋይብሮማያልጂያ ታማሚዎች የተካፈሉበትና በ2017 የታተመ ጥናት ሦስት ነገሮችን አወዳድሮ ነበር፦ ስሜትን የማወቅና የመግለጽ ሕክምና፣ የአስተሳሰብና የባሕርይ ሕክምና፣ እና ስለ በሽታው ማስተማር። እያንዳንዱ 90 ደቂቃ የሚፈጁ ስምንት ስብሰባዎች ነበሩት። ከስድስት ወር በኋላ በአማካይ ሕመም መጠን የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ አልተበላለጡም። ሕመማቸው በግማሽና ከዚያ በላይ የቀነሰላቸው ግን ስሜት በመግለጽ ቡድን 22.5 በመቶ፣ በአስተሳሰብ ሕክምናው ቡድን 8.3 በመቶ ነበሩ። ስለዚህ ስሜት ላይ መሥራት ለአምስት አንድ ለሚሆኑት ትልቅ ለውጥ ያመጣል፣ ለሌሎች መጠነኛ ነው፣ ለአንዳንዶች ምንም አያመጣም። እርስዎ ከየትኛው እንደሆኑ የሚታወቀው ሲሞከር ነው። ከጠብና ከሐዘን ማግስት እንደሚብስብዎት በራስዎ ስላስተዋሉ፣ እኔ መሞከሩን አጥብቄ እመክራለሁ።

የሠለጠነ የሥነ ልቦና ባለሙያ ካገኙ ከእሱ ጋር ይሻላል። ካልተገኘ በቤት የሚቻለው ይህ ነው። ቀን ላይ፣ ብቻዎን 20 ደቂቃ የሚያገኙበትን ሰዓት ይምረጡ፤ ከመኝታ በፊት አይሁን። ሕመሙ ከመባሱ በፊት የነበረውን አንድ ክስተት ያስቡና መጀመሪያ ስሜቱን በስሙ ይጥሩት፦ ቁጣ ነው? ኀፍረት ነው? ቅያሜ ነው? ናፍቆት ነው? «ከፋኝ» ብሎ ማለፍ አይበቃም፤ «ከፋኝ» ውስጥ ብዙ ጊዜ ያልተነገረ ቁጣ አለ። ቀጥሎ ሰውነትዎ ውስጥ የት እንደሚሰማ ይፈልጉ፤ ጉሮሮ፣ ደረት፣ መንጋጋ። ከዚያ ያስቆጣዎት ሰው ፊትዎ እንዳለ አድርገው ያላሉትን ድምፅ አውጥተው ይናገሩ ወይም በወረቀት ይጻፉ፤ ሳያሳምሩ፣ ሳይጠነቀቁ። ቁጣው ሲወጣ ከሥሩ ሐዘን ወይም ፍቅር ብቅ ማለቱ የተለመደ ነው፤ እሱንም ይናገሩት። ሲጨርሱ ወረቀቱን ይቅደዱት፤ አምስት ደቂቃ በእርጋታ ይተንፍሱ፣ አራት እየቆጠሩ በአፍንጫ ማስገባት፣ ስድስት እየቆጠሩ ማስወጣት። ይህንን በሳምንት ሦስት ወይም አራት ቀን፣ ለሁለት ሳምንት ይሞክሩ።

የሚበላሸው በሁለት መንገድ ነው። አንዱ ስሜትን መግለጽ ሄዶ መጣላት ነው ብሎ መያዝ ነው። ልምምዱ የሚደረገው ለብቻ ነው፤ ለሰውየው የሚነገር ነገር ካለ ከዚያ በኋላ በረጋ ቃል ይነገራል። ሁለተኛው ያንኑ ቅያሜ በየቀኑ ማመንዠክ ነው። ከሦስተኛው ጊዜ በኋላ አዲስ ቃልም አዲስ ስሜትም የማይመጣ ከሆነ ያንን ክስተት ይተዉትና ወደ ሌላ ይሂዱ። ከጻፉ በኋላ ለሰዓታት መክበድ ይኖራል፣ ያልፋል። ነገሩ የመደፈር፣ የጦርነት ወይም የከባድ ጥቃት ትዝታ ከሆነ ግን ብቻዎን አይክፈቱት፤ ባለሙያ ባለበት ይሁን።

በዚህ አገር ብዙ ሴት «ሆድ ይፍጀው» ብላ ችላ ታድራለች፤ ይህም ጨዋነት ተብሎ ይወደሳል። ቁጣን ለጊዜው መዋጥ አይጎዳም። ሁልጊዜ መዋጥ ግን ጡንቻንም እንቅልፍንም ያስከፍላልና ሕመም ላለበት ሰው ዋጋው ከሌላው ይበልጣል።

ፍርሃትንም ልጥቀስ። «ይህ ሕመም አልጋ ላይ ያስቀረኛል» የሚል ሐሳብ በራሱ ሕመሙን ከሚያጎሉት ዋነኛው ነው፤ ሐኪሞች በ13 ጥያቄዎች የሚለኩት መለኪያ እንኳ አለው። እንቅስቃሴን የሚያስቆመውም እሱ ነው። ፋይብሮማያልጂያ አንጓ አያጣምም፣ ጡንቻ አያመነምንም፣ ሽባ አያደርግም። ይህንን እያወቁ መቆርጠምና ሳያውቁ መቆርጠም እኩል አያሳምሙም።

ድባቴ ለብቻው ይታይ። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ቀኑን ሙሉ ምንም ነገር ደስ የማያሰኝዎት፣ ተስፋ የቆረጡ፣ ራስዎን እንደ ሸክም የሚያዩ ከሆነ፣ ያ ራሱን የቻለ ሕክምና ይፈልጋል፤ ከላይ ያለው የአሚትሪፕቲሊን መጠን ለእሱ አይበቃም። ሞትን የሚመኙ ከሆነ ቀጠሮ አይጠብቁ፤ ዛሬውኑ ለሚያምኑት ሰው ነግረው ወደ ሐኪም ይሂዱ።

ለቤተሰብዎ ረጅም ማብራሪያ አያስፈልግም፦ «ሕመሙ እውነት ነው፤ ስጨነቅ ይብሳል፤ የሚረዳኝ ‹ተይው› ማለት ሳይሆን ከእኔ ጋር መራመድ ነው።» ተቃራኒውም እንደሚጎዳ ይወቁ፤ ሥራውን ሁሉ ነጥቀው ቢያስተኙዎት ሰውነቱ ይበልጥ ይደክማል።

ከዚህ ሁሉ በፊት መረጋገጥ ያለበት አንድ ነገር አለ፤ ምርመራው «ደህና ነው» ሲባል ምን ምን እንደታየ አልነገሩንም። በሚቀጥለው ቀጠሮ የታይሮይድ ሆርሞን፣ የደም ማነስ፣ የብግነት ምልክት፣ የስኳር፣ የቫይታሚን ዲ እና የጡንቻ ኢንዛይም ምርመራ መሠራቱን ይጠይቁ። ያልተፈላ ወተት የሚጠጡ ከሆነ ብሩሴሎሲስም ይታሰብ፤ እሱም ሰውነት ያደቃል፣ ነገር ግን ትኩሳትና ላብ አለው። ሐኪሙ ፋይብሮማያልጂያን የሚወስነው በ19 የሰውነት ቦታዎች ቆጠራና ድካምን፣ እንቅልፍንና ማስታወስን በሚመዝን ነጥብ ነው፤ ሕመሙ ከአምስቱ የሰውነት ክፍሎች ቢያንስ በአራቱ ላይ መኖርና ሦስት ወር መሙላት አለበት። የእርስዎ ታሪክ ከዚህ ጋር ይሄዳል። የሚያብጥ አንጓ፣ ከአንድ ሰዓት በላይ የሚቆይ የጠዋት የእጅ መተሳሰር፣ ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ፣ ያለ ምክንያት መክሳት፣ የእግር መዛል ወይም ሽንት አለመቆጣጠር ከመጣ ግን ፋይብሮማያልጂያ ነው ተብሎ አይታለፍ።

ለቀጠሮው የሁለት ሳምንት ማስታወሻ ይዘው ይሂዱ፦ ማታ አንዴ ብቻ፣ የዕለቱን ሕመም ከ0 እስከ 10፣ የተኙበትን ሰዓት፣ የተራመዱትን ደቂቃ፣ እና በዚያ ቀን ያስቆጣ ወይም ያሳዘነ ነገር ካለ በአንድ ቃል። ቀኑን ሙሉ አይመዝግቡ፤ ሕመምን በየሰዓቱ መለካት ትኩረትን እዚያው ላይ ስለሚቸክል ያባብሰዋል። ከሁለት ሳምንት በኋላ ማስታወሻውን ያቁሙ። ሕመሙ በሦስት ወር ውስጥ ከሰባት ወደ አምስት ወርዶ ከሆነ ያ በሕክምናው ዓለም ጉልህ የሚባል ለውጥ ነውና በያዙት ይቀጥሉ፤ ካልወረደ ሐኪሙ መድኃኒቱን እንዲቀይር ያ ቁጥር በቂ ምክንያት ይሆነዋል።